ከሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

እንደ ወጉ ጤናችሁን ጠይቄ ብጀምር ደስ ባለኝ። ግን ሰላምታዬን ሦስት ማመልከቻ ላይ ጨርሼዋለሁ። ሦስቱም ሥራ ቦታ ለልጄ ወተት የማልብበት ክፍልና ፋታ ይሰጠኝ የሚሉ ናቸው፤ "በአክብሮት" ብለው ይጀምራሉ፣ "ከሰላምታ ጋር" ብለው ያልቃሉ። አንዱን ለአለቃዬ፣ አንዱን ለሰው ኃይል ክፍላችን፣ አንዱን ደግሞ የሠራተኛ አቤቱታ ለሚቀበል አንድ ቢሮ ነው ያስገባሁት። መልሳቸውን ስጠብቅ ልጄ ጥርስ አወጣ።

ድርጅቱንም ቢሮውንም በስም አልጠራም። ደሞዙ ያስፈልገኛል። ደግሞም የእናንተ ሥራ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ነው እንጂ የእኔ አለቃ አይደለም።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የግል ድርጅት ውስጥ። ቤቴ ጀሞ ነው፣ ሥራዬ መገናኛ አካባቢ። ይህን የምነግራችሁ "ለምን በምሳ ሰዓት ሄደሽ አታጠቢም?" ያለኝ ሰው ስላለ ነው። ከመገናኛ ጀሞ በምሳ ሰዓት ደርሶ መልስ የሚሞክር ካለ፣ የታክሲ ሰልፉን እኔ እይዝለታለሁ።

ከወለድኩ በኋላ ሕጉ የሰጠኝን 90 ቀን ጨርሼ ሥራ ገባሁ። ልጄ ያኔ ከጡት ሌላ ምንም አያውቅም። ጤና ጣቢያ ለክትትል በሄድኩ ቁጥር ነርሷ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳትሰጪው። ግድግዳው ላይም ተለጥፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳሰላው 6 ወር 180 ቀን ነው። 90 ሲቀነስ 90 ይቀራል። ሥራዬ ሂሳብ ማስታረቅ ነው፤ ይህን ግን ማስታረቅ አቃተኝ። አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 180 ይላል፣ ሌላው 90 ይላል። ልዩነቱ በማን ስም ይመዝገብ?

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ የጡት ወተት ማለቢያ የእጅ ፓምፕ በመንገደኛ ላከችልኝ። ወተቴን እያለብኩ አስቀምጬ ማታ ይዤ ልገባ አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ገና 4 ሰዓት ሳይሞላ ጡቴ ወጠረ። አጥብቶ የማያውቅ ሰው ትንሽ የሚያሳክክ ነገር ይመስለው ይሆናል። ድንጋይ ነው የሚሆነው። ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ካልታለበ ትኩሳት ያመጣል። ሸሚዝ ረጥቦ ስብሰባ መቀመጡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ክፍል ጠየቅኩ፣ የለም ተባልኩ። ስቶሩን ጠየቅኩ፣ "ንብረት አለበት" አሉ። ባዶ የሚውለውን የስብሰባ ክፍል ጠየቅኩ፣ "እንግዳ ቢመጣስ?" አሉ። የቀረው መጸዳጃ ቤት ነው። የ3ኛ ፎቁን የመረጥኩት በሩ የሚቆለፍ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የሚቆለፍ ስላችሁ፣ መቀርቀሪያውን በእጅ ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ እጅ ለፓምፑ፣ አንድ እጅ ለመቀርቀሪያው። ቆሜ ነበር የማልበው። ክዳኑ ላይ ልቀመጥ እንዳልል ክዳን የለውም። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ሽታው ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። የልጄ ምግብ የሚዘጋጀው እዚያ ነበር። ከመካከላችሁ የምሳ ዕቃውን እዚያ የሚከፍት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ጠርሙሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ የካፌው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው "ይቀፋል" ብሎ ተናገረ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፍሪጅ፣ ከጠርሙሴ ጎን የአንድ ባልደረባዬ ሁለት ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተቀምጦ ነበር። እሱ አልቀፈፈም።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ወጥቼ አላውቅም። ልጄ 4 ወር ከ6 ቀን ሲሆነው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። "በተደጋጋሚ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ በመለየት" ይላል። ቀኑን ልብ በሉልኝ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87፣ አሠሪ አንዲትን ሴት ከወለደች በኋላ 4 ወር እስኪሞላት እንዳያሰናብት ይከለክላል። እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የእኛ ሰው ኃይልም አብጠርጥሮ ያውቀዋል። እኔ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ እየወጣሁ እየገባሁ እያዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። 4ቱ ወር አለቀ፣ ሳምንት ሳይሞላ ጻፉ።

ያን ሰሞን ለሲጋራ በቀን አምስት ጊዜ ደረጃ የሚወርደው ባልደረባዬ ምንም አልተጻፈበትም። ይጻፍበት ማለቴ አይደለም፣ ጥሩ ልጅ ነው። ፋታው ለሳንባው ከተፈቀደ ለልጄ ሆድ ለምን እንደተከለከለ ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ወደ አቤቱታ ቢሮው ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ሲስተም የለም። በሦስተኛው አንድ ወጣት ባለሙያ አገኘሁ። ትሁት ልጅ ነው። አዋጁን ከመሳቢያው አውጥቶ 87ን አነበበ፣ 88ን አነበበ፣ ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ስለ ማጥባት የሚል ነገር እኮ የለም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ቤት ገብቼ እኔም አነበብኩት። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል። ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ስትሄድ ደሞዟ አይቆረጥም። ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች። አባትየውም 3 ቀን አለው፣ ለጨዋታ ያህል። ሆዷ ገፍቶ ሲታይ ሕጉ ያያታል። ሆዷ ከጎደለ በኋላ ግን አያውቃትም። ጡቷ ደግሞ የአዋጁን የቀን አቆጣጠር አላነበበም።

ከዚህ ሁሉ ያበሸቀኝ ሌላ ነው። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞቹ ሕፃናቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም አዟል። ስለዚህ "ነገሩ አልታየንም ነበር" የምትባለዋ መልስ አትሠራም። ታይቷል፣ ተጽፏል፣ ታውጇል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የእኛ አዋጅ ሲወጣ ግን ተረሳ። በመንግሥት ቢሮ ሁሉ ማቆያው በተግባር አለ ወይ ብትሉኝ፣ እሱ የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው። ቢያንስ እዚያ ያለችው እናት ጣቷን አንቀጹ ላይ አድርጋ መጮህ ትችላለች። እኔ ጣቴን የት ላድርግ? የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ሲርበው ያለቅሳል፣ የግል ሠራተኛ ልጅ ጾመኛ ሆኖ ነው የሚወለደው?

"ሕግ ሲጠብቅ አሠሪዎች ሴት መቅጠር ያቆማሉ" የሚሉ አሉ። ይህን ከአንድ ኃላፊ አፍም ሰምቻለሁ፣ ለእኔ ያሰበ መስሎት። ሕጉ ሳይኖርስ? ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተቀመጥኩባቸው ሁለት ቦታዎች "አግብተሻል? ልጅ አለሽ?" ተብያለሁ። ከጎኔ የነበረውን ወንድ ስለ ልጆቹ የጠየቀው የለም። የእኛው አዋጅ በሥራ ቅጥር ሴትን በጾታዋ ማግለል ክልክል ነው ይላል። ያን ማስከበር ሲያቅት፣ ያላስከበሩትን ሌላ መብት ላለመስጠት ምክንያት ማድረግ ምን ይባላል?

እህቴ ሆቴል ውስጥ ጽዳት ነው የምትሠራው። 90 ቀን ከነደሞዝ ስላት ቀናችብኝ። አሜሪካ በፌዴራል ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የላትም፤ በዚህ እኛ እንበልጣለን፣ ሐቁን መናገር አለብኝ። የት እንደማልብ ስነግራት ግን ዝም አለች። ለካ የእነሱ ሕግ አሠሪው ለወለደች ሠራተኛ እስከ 1 ዓመት ድረስ የማለቢያ ፋታና ከእይታ የተከለለ ቦታ እንዲሰጣት ያስገድዳል። ቦታውም መጸዳጃ ቤት መሆን እንደሌለበት ሕጉ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። መጻፉ ምን ያህል ሴቶች እንደ እኔ በር ደግፈው እንደቆሙ ይነግራችኋል። አሜሪካ ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የጤና ሕግ አሠሪ የማጥቢያ ክፍል እንዲያዘጋጅ፣ እናትየዋም ከ8 የሥራ ሰዓት ውስጥ እስከ 1 ሰዓት ፋታ እንድታገኝ አዛለች። ሞያሌ ላይ አጥር እንኳ ሳይኖር ሕጉ እንዴት ሳይሻገር ቀረ?

በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት ይከበራል። የ2015ቱ መሪ ቃል ደግሞ ስለ ሠራተኛ ወላጆች ነበር። ባነሩን ማን እንዳነበበው እንጃ።

ሕንፃ ሥሩልኝ አላልኩም። የሚቆለፍ በር፣ ወንበር፣ ሶኬት። በቀን 1 ሰዓት ደሞዝ የማይቆረጥበት ፋታ። አምስት ሰው ያለው ሱቅ ከሆነ መጋረጃም ይበቃዋል። ይህ በአዋጁ ይግባ፣ ተቆጣጣሪም ይላክበት። "አሠሪዎች ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥሩ ይበረታታሉ" የምትል ዓረፍተ ነገር ግን እንዳትልኩብኝ። በማበረታታት ቢሆን ስቶሩ ይከፈትልኝ ነበር።

ለእኔ እንኳ ጊዜው አልፏል። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ፈርቼ በቀን አንዴ ብቻ ማለብ ጀመርኩ። ጡት ደግሞ በወጣለት ልክ ነው የሚተካው። በ5ኛው ወር ወተቴ ነጠፈ። አሁን የቆርቆሮ ወተት እየገዛሁ ነው፣ አንዱ ቆርቆሮ ሳምንት አያደርሰንም።

ግን ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሳምንት ሰው እስኪወጣ ጠብቃ የትኛው መጸዳጃ ቤት በር እንደሚቆለፍ ጠየቀችኝ። የ3ኛ ፎቁ ነው አልኳት። መቀርቀሪያውን በግራ እጅሽ ያዢው፣ ከላይ ገፋ አድርገሽ።

ከአንዲት የግል ድርጅት ሠራተኛ
አዲስ አበባ