ለአንድ ጥርስ ያ ሁሉ እንቅልፍ

ውድ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በጤና አምዳችሁ መድኃኒትን ከየሰዉ ዘረመል ጋር ስለ ማስማማት የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። ጸሐፊው ነገሩን ገና ወደፊት የሚመጣ አድርገው ነው ያቀረቡት። እኛ ቤት እኮ ከመጣ ቆይቷል።

ከዓመታት በፊት እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ጥርሴን አስነቀልኩ። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ታዘዘልኝና እንደተባልኩት ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ብትጠራኝ አልሰማ፣ ብትነቀንቀኝ አልነቃ። ትንፋሼ የቆመ እየመሰላት ጆሮዋን አፍንጫዬ ሥር ለጥፋ አደረች። (911 መደወል ነበረባት፤ ይህን አሁን ሁለታችንም እናውቃለን።) በማግስቱ ከሰዓት ስነቃ "ለአንድ ጥርስ ይሄ ሁሉ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ድካም ነው ብዬ ተውኩት። የዘረመል ምርመራ ስላላደረግኩ ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አልምልም። በኋላ ያነበብኩት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ኮዴይን በራሱ ያን ያህል ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሥራውን የሚሠራው። ኢንዛይሙ የሚሠራበትን መመሪያ የያዘው ጂን (ዘረመል) ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አብዛኛው ሰው ሁለት ቅጂ አለው፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። አንዳንዱ ግን ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ይዞ ይወለዳል። የእንዲህ ያለው ሰው ጉበት ኮዴይኑን ቶሎና አብዝቶ ሞርፊን ያደርገዋል። ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያደክማል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የዛሬዋ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ ኮዴይን ሲያስጠነቅቅ ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ የሰሜን አውሮፓ ሰው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ከ3.4 እስከ 6.5 በመቶ። እኛ 29። ምክንያቱን ሲገምቱ አንዳንድ ተመራማሪዎች፣ በችግር ዘመን አባቶቻችን ያገኙትን ቅጠልና ሥር ሲበሉ የተክሉን መርዝ ቶሎ የሚያፈርስ ጉበት ያለው ሳይተርፍ አልቀረም ይላሉ። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው "ድሮስ ደማችን ጠንካራ ነው" ብለው ፎከሩ! ወገን፣ የሚያስፎክር አይደለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን አግዳለች። ማንንም ሳትመረምር። ከመቶ ሰባ የሚሆነው ሕዝብ ምንም ትርፍ ቅጂ ሳይኖረው ማስታገሻውን አጣ ማለት ነው። ቢሆንም እደግፋለሁ። እያንዳንዱን ሕመምተኛ መመርመር በማይቻልበት አገር ሌላ ምን ይደረጋል?

የሚያናድደኝ እዚህ ያለው ነው። ምርመራው ባለበት አገር፣ ክሊኒክ ስገባ የሚሰጠኝ ፎርም "ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ" የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነው። ምልክት አደርጋለሁ፤ በዚያች ቅጽበት 29 የነበረው ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። ኢትዮጵያዊ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ክትፎ ሊያወራኝ ፈልጎ ነበር። ኢትዮጵያዊነትም ቢሆን ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። ግን ከምንም ይሻላል፤ ባይጠይቁንም እንንገራቸው።

ሻንጣውም አለ። ለእናቶቻችን የማንልከው መድኃኒት የለም። እንግሊዝ አገር ኮዴይንና ፓራሲታሞል የተቀላቀሉበት እንክብል አነስተኛ መጠን ያለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይሸጣል። ያገኘነውን ስንጠቀጥቅ አገር ቤት የታገደውን በገዛ እጃችን እናስገባለን። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻም በዚያው ኢንዛይም በኩል የሚያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል።

"ተመርመሩ" ስል የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በዘረመልህ እንዳያገሉህ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ቢሆንም መድኃኒት እንዴት እንደሚስማማን ለማወቅ ሐኪም የሚያዘውን የዘረመል ምርመራና ምራቅ በፖስታ እየተላከ የሚደረገውን የዘር ሐረግ ፍለጋ ባንደባልቃቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ልመና አለኝ። የሁለቱን መድኃኒቶች፣ የኮዴይንንና የትራማዶልን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም በጉልህ ጽፋችሁ አንድ ገጽ ላይ አውጡልን። ቆርጬ የቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ)