የቤቱ ልጆች

ሐዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። በስልክ ስንነጋገር ድምፄ በደንብ እንደማይሰማዎት ስላወቅሁ፣ ደግሞም ነገሩ ለስልክ የሚረዝም ስለሆነ፣ በወረቀት ልጽፍልዎ ወሰንሁ። ጉዳዩ አንድ የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ላለፈው ሰው ስለ ልጆች መጽሐፍ መጻፌ ቢያስቅዎም እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ወጣት ዘንድ ነው። ከሒሳብ መማሪያዎች ሥር የተቀበረ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ሻጩ «ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብሎ ከገዛሁት መዝገበ ቃላት ጋር በምርቃት ሰጠኝ። አርዕስቱ «የግሪን ኖው ልጆች»፣ ደራሲዋ ሉሲ ቦስተን ትባላለች። በአገሯ የታወቀ ሥራ ነው፤ እዚህ ግን ከጠየቅኋቸው የሥራ ባልደረቦቼ መካከል ስሙን የሰማ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ታሪኩ ቶሊ ስለሚባል ልጅ ነው። አባቱ ከእንጀራ እናቱ ጋር በርማ ስለሚኖር በአዳሪ ትምህርት ቤት የሚያድገው ይህ ልጅ ለገና ዕረፍት አይቷቸው ወደማያውቃቸው ቅድመ አያቱ ይላካል፤ አካባቢውን ጎርፍ አጥለቅልቆት ስለነበር የመጨረሻውን መንገድ በጨለማ፣ በጀልባ እየተቀዘፈ እስከ ቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። ይህን ክፍል ለልጅ ልጅዎ ስተረጉምለት ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃ ወንዝ የሚያመጣለትን ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ ስለሌለው፣ ሲሞላ ወደ ሰው ደጅ እንደሚጠጋ ያውቃልና።

በዚያ ጥንታዊ ቤት ውስጥ ቶሊ ብቻውን አይደለም። ሌሊት በመኝታ ክፍሉ ያለው የእንጨት ፈረስ ሲንቋቋ ይሰማዋል፤ ከመጋረጃ ኋላ የልጆች ሳቅ ይመጣል፤ ዞር ሲል ማንም የለም። ልጆቹ ቶቢ፣ አሌክሳንደርና ሊኔት ይባላሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1665 በእንግሊዝ አገር በተነሣው ቸነፈር ከእናታቸው ጋር ያለቁ ናቸው። ቶሊ ግን ይህን የሚሰማው በሥዕል ካያቸው፣ ከለመዳቸውና አብሮ መጫወት ከተመኘ በኋላ ነው፤ እኔም እንደ እርሱ ደነገጥሁ፤ ገጹን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥሁ።

በዚህ ቦታ ላይ ትርጉሜ ተሰናከለ። ልጄ «ምንድን ናቸው?» ሲለኝ የምሰጠው ቃል አጣሁ። ጣረ ሞት ብለው ብርድ ልብሱን ይከናነባል፤ መንፈስ ብለው ደግሞ ጸበል የሚያስኬድ ነገር ይመስለዋል። በቋንቋችን ለሚወደድ ሙት የሚሆን ቃል ይኖር እንደሆነ እርስዎ ያውቁ ይሆናል፤ እኔ ግን «የቤቱ ልጆች ናቸው» ብዬ አለፍሁ፤ እርሱም በዚሁ ረካ። በመጽሐፉ ውስጥ ቶሊ ለቶቢ ፈረስ በባዶው ጋጣ ስኳር ያስቀምጣል፤ ስኳሩም ይጠፋል። በማግሥቱ ልጄ ያስቀመጠውን ስኳር መስኮቱ ደፍ ላይ አገኘሁት። ጠዋት አልነበረም። ጦጣ ይሁን ጉንዳን አልመረመርሁም።

ደራሲዋ ቤቱን ከልቧ አልፈጠረችውም። ካምብሪጅ አጠገብ፣ በወንዝ ዳር የሚገኝ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1130ዎቹ ገደማ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፤ በ1939 ገብታበት ቀሪ ዕድሜዋን ኖረችበት። መጽሐፉ በ1954 ሲታተም ስድሳ ዓመት አልፏት ነበር፤ ሥዕሎቹን የሣለላትም የገዛ ልጇ ነው። ትልቁን ሽልማት ያገኘችው ግን በዚህ ሳይሆን፣ ከመካነ አራዊት አምልጦ እዚያው ቦታ ስለተጠለለ ጎሬላ በኋላ በጻፈችው ነው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ወደ መጨረሻው በሰው አምሳል የተከረከመ፣ የተረገመ ዛፍ ልጁን ሊይዘው ይመጣል፤ ልጄ ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ቢያስደግመኝም ለእኔ ከሌላ መጽሐፍ ተገንጥሎ የገባ ይመስለኛል። የመጽሐፉ ልብ አሮጊቷ ናቸው። እሳት ዳር ተቀምጠው በየማታው ስለ ልጆቹ ሲያወሩ አንዴም አያለቅሱም፤ ሞቱ ማለት ይከብዳል እንጂ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም በሚል አኳኋን ይናገራሉ። ልጆቹን ከቤት አላስወጧቸውም።

አባባ፣ ደብዳቤውን የጻፍሁት ስለዚህ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ አያትዎ የ12 ዓመት ልጅ እንደነበሩና ሦስት ታናናሾቻቸው በአንድ ሳምንት እንደሞቱባቸው አንድ ማታ ነግረውኝ ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ጥራጊውን አቃጥሎ ሰፈሩን ሲያጥን፣ እርሳቸው ጭሱ አጠገብ ቆመው፣ ለጨዋታ ወጥቶ የዘገየ ልጅ እንደሚጠራ፣ ሦስቱን በየስማቸው ይጠሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ማን ጥጃ እየጋለበ ይወድቅ እንደነበር፣ ማን ማር ካላየ እንጀራ እንደማይቀምስ ሳይቀር ከእርሳቸው ሰምተዋል። እኔ ግን ያን ሌሊት ይመጣሉ ብዬ አልቅሼ ቤቱን አወክሁ፤ እርስዎም ልጅቱን አስፈራኋት ብለው ነው መሰለኝ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም።

አሁን አልፈራም። ከትናንት በስቲያ፣ በሚካኤል ዕለት፣ መጽሐፉን ጨርሰን ለልጄ የእኛም ቤት ልጆች እንዳሉት ነገርሁት። ወዲያው ስማቸውን ጠየቀኝ። የሁለቱን ወንዶች ልጆች ስም አስታወስሁ፤ ማር የምትወደውን የትንሿን ግን አጣሁት። እርስዎ አይረሱትምና እባክዎ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ስለ ጥጃውም የቀረ ካለ ይጨምሩበት። ልጁ በየማታው ይጠይቀኛል።

አክባሪ ልጅዎ