በስክሪን ላይ የሚጻፈው ኮሚሽን ኪስ የገባ ገንዘብ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ «ሴሊንግ ሰንሴት» እና መሰል የቅንጡ ቤት ሻጮች የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚሁ በሎስ አንጀለስ የቤት ሽያጭ ወኪል ሆኜ ቤተሰብ የማስተዳድር ሰው ነኝ። ስለ ልብሱ፣ ስለ መኪናውና ስለ ሴቶቹ ጠብ የጻፋችሁትን ለተመልካቹ እተወዋለሁ፤ የማልተወው ግን አንዲት ወኪል ከአንድ ቤት ሽያጭ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ኪሷ ታስገባለች ያላችሁትን ነው።

ዝግጅቱን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቤቱ ሲታይ የመኝታ ክፍሎቹ ብዛት፣ ስፋቱ፣ ዋጋውና ኮሚሽኑ በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ቤቱ ገና ያልተሸጠ ከሆነ ያ ኮሚሽን የሚሰላው ሻጩ ከጠየቀው ዋጋ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙ የተወራለት የሆሊውድ ኮረብታው ቤት የተጠየቀበት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር 3 በመቶው 1.2 ሚሊዮን ይሆናል፤ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የተሸጠው በ35.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለውን ሒሳብ እንደ ደመወዝ አድርጋችሁ ለአንባቢ አቀረባችሁ። ከተሸጠበት ዋጋ የሚታሰበውም ቢሆን በቀጥታ ለወኪሉ አይከፈልም። በካሊፎርኒያ ሕግ ወኪል ኮሚሽኑን መቀበል የሚችለው ከሚሠራለት ብሮከር፣ ማለትም ወኪሎችን በሥሩ ከሚያሠራው ባለፈቃድ ደላላ፣ እጅ ብቻ ነው፤ ብሮከሩ ድርሻውን ካነሳ በኋላ የተረፈው ይሰጠዋል፤ አብዛኞቻችን ቅጥር ሠራተኞች ስላልሆንን ግብሩን፣ የጤና መድኑን፣ የፎቶና የማስታወቂያውን ወጪ፣ ቤንዚኑን ሁሉ ከዚያችው እንሸፍናለን። ሽያጩ በመጨረሻው ቀን ቢፈርስ ደግሞ የወራት ልፋት ያለ አንድ ሳንቲም ይቀራል። ይህን ለማጣራት አንድ ስልክ መደወል በቂ ነበር፤ አልደወላችሁም።

ስሕተቱ በእኔ ላይ ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁ። ለወራት ቤት ሳስጎበኛቸው የቆየሁ ባልና ሚስት አሉ፤ ባልየው መኪና ማቆሚያ፣ ሚስትየዋ አረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራሉ። ሃውቶርን ውስጥ በመጨረሻ የወደዱትን ቤት አግኝተን ኦፈር (የግዢ ዋጋ ማቅረቢያ) ልናስገባ ስንዘጋጅ፣ ባልየው ጋሼ ዘገባችሁን በስልካቸው አንብበው ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ብር ስትወስድ ለእኛ ምን ታካፍለናለህ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነበር። አስረድቼ እስክጨርስ ቤቱ ለሌላ ገዥ ሄደ። እኔ ያጣሁት ኮሚሽን ይቅር፤ እነሱ ያጡትን ቤት ማን ይመልስላቸዋል?

ደግሞም ለአንባቢዎቻችሁ በእርግጥ የሚጠቅመውን ነገር ዘላችሁታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች (የቤት ሽያጭ ባለሙያዎች) ማኅበር በኮሚሽን ጉዳይ ተከሶ በመጋቢት 2024 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማ ወዲህ፣ ከነሐሴ 17 ቀን 2024 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገዥ ወኪል ቤት ከማስጎብኘቱ በፊት ከገዥው ጋር በጽሑፍ መዋዋል አለበት። ውሉ የወኪሉን ክፍያ በግልጽ ቁጥር ማስፈር፣ ክፍያውም በሕግ ያልተወሰነና የሚደራደሩበት መሆኑን መግለጽ ይኖርበታል። ወገኖቻችን ይህን ወረቀት ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ቤት ሳላይ ለምን እፈርማለሁ ይላሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ስለሆነ ቡና አስቀርቤ መስመር በመስመር አነብላቸዋለሁ። እንደ ጋዜጣ ልታግዙን የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነበር። እናንተ ግን 1.2 ሚሊዮን የሚለውን ይዛችሁ ስትመጡ፣ የምናነብላቸውን ውል ሁሉ የማጭበርበሪያ ወረቀት አስመሰላችሁት።

ከሁሉ ያሳዘነኝ በአማርኛ ለሐበሻ አንባቢ የተጻፈ ዘገባ አንድም ሐበሻ ወኪል አለማነጋገሩ ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ከሰንሴት ጎዳና በመኪና ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ለወኪልነት ፈቃድ የሚጠየቀውን የ135 ሰዓቱን ትምህርትና የ150 ጥያቄውን ፈተና ያለፍነው ቀን ሌላ ሥራ እየሠራን ሌሊት እያጠናን ነው። ኤስክሮው (ሽያጩ እስኪያልቅ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን የሚይዝበት አሠራር) ምን እንደሆነ፣ ባንኩ ለምን የሁለት ዓመት የግብር ወረቀት እንደሚጠይቅ፣ ቤቱን የመረመረው ኢንስፔክተር የጻፈው የጣሪያ ችግር ስንት እንደሚያስወጣ ለእናቶችና ለአባቶች በቋንቋቸው የምናስረዳው እኛ ነን። የእኛን ሥራ ካሜራ አይከተለውም፤ ጋዜጣችሁ ግን ሊከተለው ይችል ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩን ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼን አስፈቅጄ፣ ስምና አድራሻ ሸፍኜ፣ አንድ የተጠናቀቀ ሽያጭ የሒሳብ መዝጊያ ሰነድ ለጋዜጠኛችሁ ላሳየው ዝግጁ ነኝ፤ ኮሚሽኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ከዚያ ላይ በራሱ ዓይን ማየት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ሽያጭ ወኪል፣ ከሎስ አንጀለስ