ከጅዳ ለደሴ፦ ስለ ላሜራ መቁረጫው ማሽን

ለውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከረማችሁ? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷስ ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከሙቀቱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

የላክኸውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። 60 አምፔር ፕላዝማ፣ ያንን በኤሌክትሪክና በአየር ብረት የሚቆርጠውን ማሽን፣ ላክልኝ ብለሃል። አልልክም። ሳትቆጣ ምክንያቴን ስማኝ።

የምትቆርጠው የበርና የመስኮት ላሜራ ነው፤ የበር አበባ፣ አልፎ አልፎም ቱቦላሬ። አብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ነው። ለዚህ ከ20 እስከ 30 አምፔር ይበቃል። እኛም እዚህ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ስንሠራ ውለን የምናድረው በስስ ላሜራ ነው፤ ከ30 በላይ ከፍ የሚያደርገው የለም። ለስስ ላሜራ ብዙ አምፔር ከሰጠኸው ቅዱ ይሰፋል፣ የቀለጠው ከሥሩ ረግቶ ይቀራል፣ ላሜራውም ይጣመማል። ስለዚህ ያየሁልህ 40 አምፔር የሆነች ትንሽ ኢንቨርተር ፕላዝማ ናት። 10 ኪሎ አትሞላም። ባጃጅ ላይ ጭነህ ደንበኛ ቤት ትሄድባታለህ።

ከማሽኑ ይልቅ ያሳሰበኝ አየሩ ነው። ፕላዝማ ያለ ኮምፕሬሰር ምንም አይደለም። አየሩ በቶርቹ፣ በእጅ በሚያዘው መቁረጫ፣ ጫፍ ላይ ባለው ኖዝል ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ያግለዋል፣ ብረቱ ይቀልጣል፣ የቀለጠውንም ያው አየር ጠርጎ ያወጣዋል። አየር ካነሰ መቁረጡ ይቀርና ኖዝል ማቃጠል ይሆናል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ባብዛኛው በ5 ባር ግፊት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 180 ሊትር አየር ይፈልጋሉ።

ጅዳ ባሕር ዳር ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከዚህ ሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምፕሬሰርህ እኩል ቢዞርም የሚስበው አየር ያነሰ ነው። ኮምቦልቻ ብትሆን ትንሽ ይሻልህ ነበር፤ ሐረጎን ወርደህ ከ1,900 ሜትር በታች ትገባለህ። ግን አንተ ከደሴ እንደማትወጣ አውቃለሁ።

ለማሽኑም ቢሆን ታርጋው ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ማራገቢያው የሚያገኘው ስስ አየር ስለሆነ እንደሚገባው አያቀዘቅዝም። ታርጋው ላይ 60% የሚል ካየህ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ቆርጠህ 4ቱን አሳርፈው ማለት ነው። አንተ ከዚያም ቀንስለት። ደግነቱ ቁጥሩ የተለካው በ40 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ የደሴ ብርድ ትንሽ ይክስሃል።

ኮምፕሬሰሩ ውስጡ የተገጠመለት ማሽንም አይቻለሁ። ለተንቀሳቃሽ ሥራ ያጓጓል፣ እውነቱን ለመናገር ልቤ ሄዶ ነበር። ግን ያ ኮምፕሬሰር ትንሽ ነው፤ ለደሴ ከፍታ የሚተርፍ አቅም የለውም። እሱ ከተበላሸ ደግሞ መቁረጡም አብሮ ቆመ። አንተ ለቀለም የምትጠቀምበት ኮምፕሬሰር አለህ፣ መጀመሪያ እሱን እንፈትሽ። ከዚህ ላክልኝ እንዳትለኝ። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ኢንቨርተሯ ታርጋዋ ላይ 50/60 ስለሚል ግድ የላትም። የኮምፕሬሰር ሞተር ግን እዚያ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃል፣ አየርም ያጥረዋል።

ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ታንከሩ ውሃ ይቋጥራል። በየቀኑ ከሥሩ አፍስሰው። የውሃ ማጣሪያ አብሬ እልካለሁ። ውሃና ዘይት ያለው አየር ኤሌክትሮዱን፣ ቶርቹ ውስጥ እሳቱ የሚነሳበትን መዳብ፣ ቶሎ ይበላዋል። መዳቡ ጫፍ ላይ ሃፍኒየም የሚባል ትንሽ ነጥብ አለ፤ እሷ ወደ 1.5 ሚሊ ከጎደጎደች ቀይር። ስስታም ሆነህ ካቆየኸው ኖዝሉንም ይዞት ይሄዳል።

የማልደራደርበት ነገር ፓይለት አርክ ነው። ያለ እሱ ቶርቹ እሳት የሚይዘው ንጹሕ ብረት ሲነካ ብቻ ነው። ፓይለት አርክ ያለው ግን እሳቱን አየር ላይ ይጀምራል፤ ቀለም የተቀባውንም የዛገውንም ይቆርጥልሃል። ደሴ ውስጥ ለጥገና የሚመጣልህ በር ደግሞ ስንቱ ንጹሕ ነው? ከመግዛቴ በፊት ግን መርካቶ የሚሄድ ሰው ካለ የየትኛው ቶርች ኖዝልና ኤሌክትሮድ እንደሚገኝ ያጠያይቅ። ኖዝሉ አገር ቤት የማይገኝ ማሽን ብልክልህ ዕቃ ቤት ነው የሚቀረው።

ለበር አበባው ከኮምፔንሳቶ ሻጋታ አውጣ። ቶርቹን በሻጋታው ጠርዝ ታስኬደዋለህ። እሳቱ ከቶርቹ መሐል ስለሚወጣ፣ የሻጋታውን መስመር በቶርቹ ግማሽ ስፋት ወደ ውስጥ አስገባው። እጅህን አታዘግይ። በስስ ላሜራ ላይ ቀስ ያለ እጅ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ቀጥ ያለውን ቁራጭ ግን በግራይንደርህ ቀጥል፤ ለእሱ ኖዝል ማባከን አያስፈልግም።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ፣ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ስለሚል አትመነው። ደሴ ላይ ሐረጎን በሙሉ ጭነት እንደሚወጣ አይሱዙ ያቃስታል፤ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በ20 አምፔር ከቆረጥክ ይችል ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ግን አትቁረጥ፣ ታንከሩ እስኪሞላ ጠብቅ።

ጋልቫናይዝድ ስትቆርጥ ደጅ አውጣው። የዚንኩ ጭስ ማታ ላይ ያንቀጠቅጥሃል፣ ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጥቻለሁ እንዳትለኝ፤ ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ። የብየዳው 11 ቁጥር መስታወት ለዚህ ይጨልምብሃል፣ 5 ወይም 6 ቁጥር ይበቃል። የናፍጣ በርሜል ቁረጥልን ብለው ቢመጡ፣ ባዶ ነው ቢሉህም፣ የማንም ዘመድ ቢሆን እምቢ በል።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ይኸው ነው። የኮምፕሬሰሩን ታርጋ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቮልቱንም በቴስተር ለካ፤ ጠዋት፣ ከዚያም ጎረቤት በያጆች ሁሉ ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ እንደገና ማታ። ከ190 በታች የሚወርድ ከሆነ ዝቅተኛ ቮልት የሚችል ሌላ ማሽን ልፈልግ። ከዒድ በፊት የሚመጣ መንገደኛ አለ፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት አድርገው።

እማዬን ዱዓሽ አይለየኝ ብሎሻል በላት። የመድኃኒቷን ገንዘብ ለብቻ ልኬያለሁ፣ ከብረቱ ሒሳብ ጋር እንዳትቀላቅለው።

ወንድምህ፣ ከጅዳ