ለዋሺንግተን ዲሲ ጤና ቢሮ፦ የመዥገሯን ነገር በአማርኛ ንገሩን

ጤና ይስጥልኝ። ይሄን የምጽፍላችሁ በእማዬ ዓይን ምክንያት ነው። አምና ሰመር ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ይዛ ሮክ ክሪክ ፓርክ ትወርድ ነበር፣ ሳሩ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ትቀመጣለች፣ አገሯ ያለች ይመስላታል። ከዛ ድካም ድካም ይለኛል፣ ጉልበቴም አበጠ ማለት ጀመረች፣ እኛ እርጅና ነው አልን። ከወራት በኋላ አንድ ዓይኗ ደም መሰለ፣ ብርሃን ማየት አቅቷት መጋረጃ ዘግታ መዋል ሆነ፣ እይታዋም ጭጋግ ለበሰ። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ አለርጂ ነው ብለው ጠብታ ሰጧት፣ አልተሻላትም።

ሌላ ቦታ ያየቻት የዓይን ሐኪም ናት መዥገር ነክሷት ያውቃል ወይ ብላ የጠየቀችው። የተቆጣው የዓይኗ ውስጥ ነው፣ ዩቪያይቲስ ይባላል አለችን፣ ደሟ ሲመረመር “ላይም” (Lyme) የሚባለው፣ መዥገር የምታስተላልፈው የባክቴሪያ በሽታ ተገኘባት።

እኛ የምናውቃት መዥገር ደም ጠጥታ እንደ ባቄላ ያበጠች፣ ላም ጡት ስር የምትለጠፍ ናት። የዚህ አገሯ ግን ሳታድግ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ስትነክስም አታምም። ብዙ ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ መጣበቅ አለባት፣ እና ማታ ማታ ብብትና ከጉልበት ጀርባ ፈትሹ ብሎ በቋንቋችን የነገረን ሰው ቢኖር እማዬ ይሄ ሁሉ ባልደረሰባት! ቀይ ክብ ይወጣል ይባላል፣ ሁሉም ሰው ላይ አይወጣም፣ በኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ቢወጣም ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል።

የቀላ ዓይን ሁሉ ከመዥገር ነው እያልኩ አይደለም፣ የላይም በሽታ ዓይን ውስጥ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የዓይን ማዝ ይመስላል፣ ቆይቶ ግን ውስጡን ሊያቃጥል ይችላል፣ መነሻው ሳይታወቅ ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ ጠብታ ብቻ ቢደረግ ደግሞ ባክቴሪያው አይጠፋም፣ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) እንደሚገምተው በአሜሪካ በዓመት ወደ 476,000 ሰው ለላይም በሽታ ይታከማል።

የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል በቋንቋው ያገልግሉ የሚለው ሕግ ከወጣ ከ2004 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) አማርኛ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ ምልክቱን በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ያለው፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድና የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የሚለጠፍ። ክሊኒኮችም ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን የሚያመው ሰው ሲመጣ ሳር ላይ ተቀምጠህ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ።

ደግሞ ፎቶው ላይ ከመዥገሯ ጎን አንድ የጤፍ ፍሬ አስቀምጡልን፣ እንደ እማዬ ያሉ እናቶች ሳያነቡም ይገባቸዋል።

የከተማችሁ ነዋሪ