የሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን ቢጫወት አልኮረፈም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ልጄ ከሰው አይቀላቀልም» የሚል ስጋት እዚህ ጎንደር ከወላጆች ደጋግመን እንሰማለን። አብዛኛው ዕድሜን ካለማገናዘብ ይመጣል።

በ8 ወር ገደማ ሕፃን እንግዳ ሲያይ ማልቀሱ ጤናማ ነው፤ የለመደውን ፊት ከማያውቀው መለየቱ ነው። በጥምቀት ዘመድ ሲሰበሰብ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበሉ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ እንግዳውን ይየው፤ እንግዳውም ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ሕፃኑ ራሱ እጁን እስኪዘረጋ ይጠብቅ።

የልጆችን ጨዋታ ያጠናችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን በ1932 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው ልጆች መጀመሪያ ብቻቸውን፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን፣ ከዚያ እየተዋዋሱ፣ በኋላም ተባብረው ይጫወታሉ። የ2 ዓመት ልጅ ከጎረቤት ልጅ አጠገብ አፈር እየዛቀ ቀና ብሎ ባያየውም አብሮት እየተጫወተ ነው። «አካፍል» ብሎ መንጠቅ ጠብ ይወልዳል፤ አንድ ዓይነት ሁለት ጣሳ መስጠት ይበጃል። በ4 እና በ5 ዓመት እቃቃ ላይ «አንቺ እናት፣ እኔ አባት» እያሉ ሚና ይከፋፈላሉ። ካልተማቱ በቀር አዋቂ ቶሎ ዳኛ አይሁን፤ መደራደርን የሚለማመዱት እዚያ ነው።

በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በ18 ወሩ የፈለገውን በጣቱ የማያመለክት ልጅ ግን «ዓይን አፋር ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ዓመት ሳይጠበቅ ጆሮውንም እድገቱንም ሐኪም ይመርምረው።

የሕፃናት አስተዳደግ መምህራን፣ ጎንደር