የፍሬንን ጩኸት ማፈን ጥገና አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ለ28 ዓመት የአውቶ መካኒክ መምህር ሆኜ ካገለገልሁ በኋላ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የራሴ መኪና ስለሌለኝ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር የምመላለሰው በሚኒባስ ታክሲ ነው። ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት የተሳፈርሁበት ታክሲ የቸርችልን ቁልቁለት ሲይዝ፣ ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ከፊት በግራ በኩል ጥርስ የሚያፋጭ ቀጭን ጩኸት ይሰማ ነበር፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ግን ድምፁ ወፍሮ ብረት በብረት ላይ እንደሚፋቅ ሆነ፣ ከእግሬ ሥር ያለው ወለልም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሾፌሩን ብጠይቀው «አባባ፣ አይስጉ፣ ልማዱ ነው» አለኝ። ፖስታ ቤት አጠገብ ወርጄ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ዲስክ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል። ልጁ ሊዋሸኝ እንዳልፈለገ አምናለሁ፤ ድምፁን ቀን ከቀን ሲሰማው ስለኖረ የመኪናው ጠባይ መስሎታል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥሁት ግን በዚያው ሳምንት በቤተሰቤ ከደረሰ ነገር በኋላ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ የምትሠራ የእህቴ ልጅ አሮጌ ኮሮላ አላት። ከሁለት ወር በፊት ፍሬኑ መጮህ ሲጀምርባት ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደችው፤ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ «ተስተካክሏል» ተብላ ከፍላ ወጣች፤ ድምፁም በእርግጥ ጠፋ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የፍሬኑ ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ሲበራ እዚያው ተመለሰች፤ የፍሬን ዘይት ጨመሩላትና መብራቱም ጠፋ። እሑድ ቤቴ መጥታ ነገሩን ካጫወተችኝ በኋላ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለችኝ። መኪናውን በክሪክ አንሥተን ጎማውን ስናወልቅ ያየሁትን ለመናገር አፍራለሁ፤ ሙያው የእኔም ሙያ ነውና። ዲስኩን ግራና ቀኝ ቆንጥጦ መኪናውን የሚያቆመው የፍሬን ሸራ አልተቀየረም። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቷል፤ የቀረው ውፍረት ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ከሸራው ጠርዝ የሚወጣው ትንሽ የብረት ምላስ ደግሞ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ የፒንሳው ጥርስ ያረፈበት ምልክትም በሁለት ረድፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መኪና ለሚነዱ አንባቢዎች ይህን ምላስ ማስረዳት ይገባኛል። አዲስ የፊት ፍሬን ሸራ፣ ጀርባው ላይ ያለው ብረት ሳይቆጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። በብዙ የቤት መኪኖች ሸራ ላይ አምራቹ ሆን ብሎ አንድ ቀጭን ብረት ያስቀምጣል፤ ሸራው አልቆ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ብረቱ ዲስኩን እየነካ ይጮሃል። ምላሱ የተሠራው እንዲጮህ ነው፤ በፒንሳ ያጠፈው ሰው አስጠንቃቂውን ዝም አሰኝቶ ዋጋ ተቀበለ። ዘይት መጨመሩም ከዚህ አይለይም። ሸራው ባለቀ መጠን እርሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ፊት ይወጣል፣ ከኋላው የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ዘይት ይሞላዋል፣ በዚህም የተነሣ ከኮፈኑ ሥር ባለው የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ዘይት ይቀንሳል። እንግዲህ የፍሬን ዘይት ጎደለ ማለት ወይ ሸራ አልቋል ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነውና፣ ጎማ ሳያወልቁ ዘይት ብቻ መጨመር ሁለተኛውንም ምስክር ማጥፋት ነው።

ጩኸት ሁሉ ግን አደጋ አይደለም፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ሰውን በከንቱ ለወጪ እዳርጋለሁ። በክረምት ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ባደረ መኪና ዲስክ ላይ ስስ ዝገት ይለብሳል፤ ጠዋት ከግቢ ሲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን እስኪያዝ ድረስ ይጮሃል ወይም ይፋቃል፣ ከዚያ ይጠራል። ይህ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ፣ ወይም ሳምንት ቆይቶ ከቀጭን ጩኸት ወደ መፋቅ የሚለወጥ ድምፅ ግን መኪናውን ለማቆም በቂ ምክንያት ነው፤ ያኔ ሸራው ተበልቶ አልቆ ጀርባው ያለው ብረት ዲስኩን መብላት ጀምሯል። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው መያዛቸውን መጠርጠር ያስፈልጋል። እነዚህ ፒኖች ሙቀት የሚችል ልዩ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ግራሶው ግን በምንም ዓይነት የሸራውን ፊት መንካት የለበትም።

የከተማችንም አቀማመጥ የራሱ ድርሻ አለው። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሾፌር እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ቁልቁለቱን ከጨረሰ ሸራው ይግላል፤ ፊቱም እንደ መስታወት ያብለጨልጭና ሲረግጡት እየጮኸ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ የሚቆይ ፈሳሽ ነው፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናውም አይቆምም። ስለዚህ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ መውረድና ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከጥገናው ሁሉ የረከሰ መከላከያ ነው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ተማሪዎቼ ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት እንዲመልሱት የማዝዛቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ድምፁ የሚከተለው ማንን ነው? መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው የሚፈጥን ከሆነ ከሞተሩ ነው። የመኪናውን ፍጥነት ተከትሎ የሚጨምርና ማርሽ ቢለወጥም የማይለወጥ ጉምጉምታ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት፣ ሊሆን ይችላል። መሪ ጥግ ድረስ ዞሮ ሲነዳ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ ነው። ይህን ለይቶ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለ መኪና ግማሹን ምርመራ ጨርሶ ስለሚሄድ ያልተበላሸ ዕቃ የመፈታቱ ዕድል ይቀንሳል።

ጠዋት ሲነሣ የሚያፏጭ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቺንጋው፣ ማለትም ከሞተሩ ኃይል ወስዶ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ላልቷል ወይም አርጅቷል። ሞተሩ እየሠራ እጅንና ልብስን አርቆ ቺንጋው ላይ ጥቂት ውኃ ቢረጩበት ድምፁ ለአፍታ ይለወጣል፤ ከጨመረ መላላቱን፣ ከጠፋ ደግሞ ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሊዎች በአንድ መሥመር አለመሆናቸውን መጠርጠር ይቻላል። ከላይ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ክዳን፣ አካባቢ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሲሰማ ከሁሉ በፊት የሞተር ዘይት መለኪያውን አውጥቶ ማየት ይገባል፤ ዘይት ሲጎድል ቫልቮቹን የሚገፉት ክፍሎች በቅድሚያ ይናገራሉ። ከታች የሚመጣ ከባድ ማንኳኳት ከዘይት መብራት ጋር አብሮ ከታየ ግን «እስከ ጋራዡ ልድረስ» ሳይባል ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ያርሰዋል። አዲስ አበባ ካላት ከፍታ የተነሣ አየሯ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ቤንዚኑ ከሥርዓቱ ውጭ ሲቀጣጠል የሚሰማው መንኳኳት እዚህ ይደበቃል። ወደ መተሐራና አዋሽ ወርደው መኪናቸው በድንገት ሲያንኳኳባቸው የሚደነግጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግሩን ከከተማ ይዘውት ነው የወጡት።

ድምፅን ለማግኘት ውድ መሣሪያ ይጠይቃል የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ሥር አስደግፎ ማዳመጥ፣ ከዚያም ወደ ውኃ ፓምፑ ማዛወር በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያረጀው ኩሽኔታ ልክ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ሲያጉረመርም፣ ጤነኛው ለስላሳ እርግብግቢት ብቻ ያሰማል። ይህን የሚያውቁ ትጉህ መካኒኮች በከተማችን እጅግ ብዙ ናቸው፤ ደብዳቤዬም ፒንሳ አንሥቶ ምላስ ለሚያጥፈው እንጂ ለእነርሱ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ባለ መኪና ፍሬን ሲያስጠግን የተፈታውን አሮጌ ሸራ በእጁ ተቀብሎ እንዲሄድ፣ ጋራዡም ሳይጠየቅ እንዲሰጥ ነው። ሁለተኛው ለቦሎ የሚደረገውን ዓመታዊ ምርመራ ይመለከታል፤ የፍሬን መመርመሪያ መሣሪያ የሚለካው በዚያች ሰዓት ያለውን የመያዝ ኃይል እንጂ የሸራውን ውፍረት አይደለምና፣ በተለይ ሕዝብ በሚያመላልሱ መኪኖች ላይ አንድ የፊት ጎማ ወልቆ ቢታይ ብዙ ይጠቅማል። በታክሲው ሥራ ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚሰማው ሾፌር የጥገናውን ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘቡን የሚይዘው ባለንብረት ደግሞ መኪናው ውስጥ ስለማይውል ድምፁን አይሰማም። በሁለቱ መካከል ቆሞ ሸራውን በዓይኑ የሚያይ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

የዚያን ታክሲ ሰሌዳ አልያዝሁም፤ ሾፌሩ ይህን ካነበበ ግን በዚያች ቀን ተሳፋሪ ከኋላዬ እየገፋኝ ያልጨረስሁትን ልንገረው። ልጄ፣ የፊት ሸራዎችህን በግራም በቀኝም አብረህ ቀይር፤ አንዱን ብቻ ከቀየርህ መኪናው ይጎትትሃል። የግራው ዲስክ ላይ አነስተኛው የሚፈቀድ ውፍረት ተቀርጾ ታገኛለህ፤ ትልሙ በቶርኖ ከተላጠ በኋላ ከዚያ ቁጥር በታች የሚወርድ ከሆነ አታስልጠው፣ ዲስኩንም ቀይረው። እስከዚያው ድረስ በቸርችል አትውረድ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የአውቶ መካኒክ መምህር
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ